ሦስት ጣት እጥፋት

የምሠራበት ድርጅት ከገጠር ጎበዝ ጎበዝ ሴት ልጆችን እየመረጠ ውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ ያስገባል። ሥራው መልካም ነው፤ ይሄን ለቀልድ አይደለም የምለው። ሦስት ክፍል ቢሮ፣ አምስት ሠራተኛ፣ ወረቀት ሲነክስ የሚያቃስት አንድ ማተሚያ ማሽን፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ የላክናቸው ልጆች ፎቶግራፍ አለን። የእኔ ድርሻ ታሪካቸው ነው። ልጅቷ ስለ ራሷ ሁለት ገጽ ትጽፋለች፣ እኔ አስተካክለዋለሁ፣ ባሕር ማዶ ያለው ኮሚቴ ያነብና ነጥብ ይሰጣል።

ማስተካከሉን እኛ ቢሮ «ማርጠብ» ነው የምንለው። ዳይሬክተሯ ጽሑፉን በሁለት ጣት አንጠልጥለው ይመጡና «ይሄ ደረቅ ነው፣ አርጥበው» ይላሉ። ደረቅ ማለት አንባቢው መሐረብ ያላወጣበት ማለት ነው። አራት ዓመት ሥነ ጽሑፍ ተምሬ የተቀጠርኩት ለዚህ ነበር፤ የሃያ ደቂቃውን መንገድ ሁለት ሰዓት ለማድረግ፣ ከጓሮ ያለውን ምንጭ አንሥቼ ተራራ ማዶ ለማስቀመጥ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ነበር የምሠራው። ልጆቹ ገብተው ይማራሉ፣ ተራራው ደግሞ አይከሰኝም።

የሜትር ጽሑፍ እስኪመጣ ድረስ ነዋ።

«ሜትር» የቤት ስሟ ነው። አባቷ ልብስ ሰፊ ናቸው። እሷ ደግሞ በእግሯ መሄድ ከጀመረች አንሥቶ የአባቷን ሜትር እንደ ሻርፕ አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ ስትዞር፣ ሰፈሩ በዚያው ጠራት፣ ጸደቀ። ጽሑፏ እንዲህ ይላል፦ «አባቴ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ይሰፋል። ሲሰፋ ያንጎራጉራል፣ ድምፁ ግን አያምርም። ለእኔ ልብስ ሲሰፋ ሁልጊዜ ጫፉ ላይ ሦስት ጣት እጥፋት ይተዋል፤ ስታድጊ ይፈታል ይለኛል። የአንደኛ ክፍል ዩኒፎርሜን እስከ አራተኛ ክፍል ለብሼዋለሁ፤ በየዓመቱ አንድ ጣት እየተፈታ። ሒሳብ የወደድኩት በዚህ ነው።»

ዳይሬክተሯ አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ።

«አባትየው ይጠጣሉ?»

«አይጠጡም።»

«ትምህርት ከልክለዋት ያውቃሉ?»

«እንዲያውም እሳቸው ናቸው የሚያደርሷት።»

«በልጅነቷ ሊድሯት…»

«ኧረ በጭራሽ።»

ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ጣል አደረጉት። «ታዲያ ይቺ ልጅ ምን ጎድሏት ነው የምንረዳት?»

ውጤቷ በዚያ ዓመት ካመለከቱት ሁሉ አንደኛ ነበር። ግን ኮሚቴው ለውጤት ሠላሳ ነጥብ፣ ለታሪክ ሰባ ነጥብ ነው የሚሰጠው። ፎርሙ ደግሞ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይዘጋል። አባትና ልጅ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሲጠብቁ ወጣሁላቸው። አባትየው ፊቴን ሳያዩ ሱሪዬን አዩ።

«ልጄ፣ ይሄን ሱሪ የሰፋልህ ሰው ተጣልቶህ ነበር?»

«ከሱቅ ነው የገዛሁት።»

«ገምቼ ነበር። የሰፋውን ስታገኘው የሚታጠፍ ጉልበት እንዳለህ ንገረው።»

ሜትር ሳቋን በእጇ ሸፈነች። እኔ ከጎናቸው ተቀመጥኩና መጀመሪያ ስለ መንገዱ፣ ቀጥሎ ስለ አየሩ አወራሁ። ወሬው ሲያልቅብኝ ወደ ነገሬ ገባሁ።

«አባባ፣ ታሪኩ ላይ… እርስዎ ባይኖሩ ይሻል ነበር።»

«ውጭ ልጠብቅ?» ብለው ብድግ አሉ።

«እንደሱ ሳይሆን… ባይኖሩ።»

ቆመው ትንሽ አዩኝ። ከዚያ ተመልሰው ተቀመጡ። «አሃ። እንድሞት ነው።»

«ወረቀት ላይ ብቻ።»

«ለስንት ቀን?»

«ፎርሙ እስኪያልፍ።»

«አባዬ፣ ተው» አለች ሜትር።

«ምን አለበት? ሰው ሁሉ በነፃ ይሞት የለም እንዴ? እኔ ልጄን ዩኒቨርሲቲ አስገብቼ ልሙት።» ወደ እኔ ዞሩ። «በምን ልሙት?»

«ሳንባ ብናደርገው…»

«ሳንባ ይሁን። የሆድ ዕቃ ነገር አያምርም።»

ሜትር ግን አልሳቀችም። ልጅቷ የምትጠይቀው ጥያቄ ሁሉ የሒሳብ ነበር፤ አንዱን ከቀነስክ በኋላ ስንት ይቀራል ዓይነት። «ጋሼ፣ በኋላስ?» አለችኝ።

«በኋላ ምን?»

«በኋላ እንዴት ነው የሚነሣው?»

«በኋላ እናስተካክለዋለን» አልኳት። አፌን ሞልቼ ነው ያልኩት።

ግማሽ ዓረፍተ ነገር ነው የፈጀብኝ። «አባቴ በሳንባ ሕመም ከሞተ ወዲህ…» ፎርሙ የሞቱበትን ቀን ይጠይቅ ስለነበር አንድ ማክሰኞ መርጬ ሰጠኋቸው። በዚያውም እጄ ከገባ አይቀር መንገዱን ሁለት ሰዓት አደረግኩት። ኮሚቴው ለታሪኩ ከሰባ ስልሳ ስምንት ሰጠ። ሁለቱ የተቀነሰው ለምን እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም፤ ምናልባት እናቷ ስላልሞቱ ይሆናል።

የምትሄድ ዕለት ከባሕር ማዶ የመጡ ተወካይ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሸኟት፤ ረጅም፣ ደግ ሴትዮ። የሞተ አባት ልጁን አይሸኝምና፣ ለልብስ ሰፊው ሌላ ሥራ መፈለግ ነበረብን። አጎት አደረግናቸው። ሰውየው ገና ሞታቸውን ሳይለምዱት የራሳቸው ወንድም ሆነው መጡ። በክንዳቸው ላይ ጥቁር ሰማያዊ ወፍራም ካፖርት አንጠልጥለዋል፤ ሦስት ሳምንት የሰፉት ነው። ሜትር ለብሳ ስትዞርላቸው እጅጌውንም ዙሪያውንም ገለጥ አድርጋ አየች።

«እዚህም እጥፋት? አባ…» አለችና ተወካይዋን ሰርቃ አይታ «አጎቴ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው እኮ። ከዚህ በኋላ አላድግም።»

«ማን ያውቃል? የሰው አገር ምግብ ነው» አሉ።

ተወካይዋ በእኔ አስተርጓሚነት ጠየቋቸው፤ ሟቹ ወንድምዎ ምን ዓይነት ሰው ነበሩ? ልብስ ሰፊው ጎንበስ ብለው የካፖርቱን አንድ ክር በጥርሳቸው በጠሱና አሰቡ።

«ሲሰፋ ያንጎራጉር ነበር። ድምፁ ግን አያምርም ነበር።»

ተረጎምኩ። ሴትዮዋ መሐረብ አወጡ። «ዛሬ ቢኖሩ ምን ይሏት ነበር?»

«ብርድ እንዳይመታሽ ይላት ነበር።»

ከዚያ መሰናበቻው ሆነ። እናትየው አንገቷ ላይ ተጠምጥመው አለቀሱ፤ እናት ስለሆኑ ማንም አልከለከላቸውም። ልብስ ሰፊው ግን ተራቸው ሲደርስ አጎት የሚያቅፈውን ያህል አቀፏት። በአንድ እጅ። ትከሻዋን ሁለት ጊዜ መታ መታ አድርገው ወደ ኋላ ቆሙ። ያን ጊዜ ፎቶ የማነሣው እኔ ነበርኩ፤ ከምስሉ ሥር «ከአጎቷ ጋር» ብዬ የጻፍኩትም እኔ ነኝ። እስካሁን ቢሮአችን ግድግዳ ላይ አለ።

«በኋላ» የሚባለው ነገር ቶሎ መጣ። ገና የመጀመሪያው ዓመት ሳያልቅ ሜትር በየስልኩ ትጠይቀኝ ጀመር፤ ጋሼ፣ የአባዬ ነገር የት ደረሰ? እኔም ዳይሬክተሯን ጠየቅሁ። በሩን ዘጉና «አንዱን ብታነሣ ሌሎቹ ይተኛሉ?» አሉኝ። በእኛ በኩል የሄዱት አሥራ አንድ ናቸው። የአንዷ ፋይል ከተከፈተ የሁሉም ይከፈታል፤ የሁሉም ደግሞ ረጥቧል፤ ያረጠብኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ ለሜትር «እየተሠራበት ነው» አልኳት። መሥሪያ ቤት የሚሰጠውን መልስ ሰጠኋት።

በሦስተኛው ዓመት አጋማሽ ልብስ ሰፊው ታመሙ። ሳንባ አይደለም፤ ኩላሊት ነው። እግራቸው አብጦ ጫማ እምቢ አለ። ሜትር በስልክ ስታለቅስ ሰማኋት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ።

«ልምጣ፣ ጋሼ። ልየው።»

ደንቡን አወጣሁ። ትምህርት መሐል ላይ ጥሎ የሄደ ተማሪ ቦታውን ያጣል፤ ቪዛውም ይሰረዛል። ወላጅ በጠና ከታመመ ወይም ከሞተ ግን ድርጅቱ ራሱ ያመላልሳል፣ የመመለሻ ደብዳቤም ይጽፋል። ወላጅ ነው የሚለው። አጎት አይልም። ከወላጆቿ ደግሞ አንዱ ከሞተ ሦስት ዓመት አልፎታል፤ ማክሰኞ ቀን።

ዳይሬክተሯ ክፉ ሰው አይደሉም። ምሳቸውን ሳይበሉ ሲያስቡ ዋሉና ፊታቸው በርቶ መጡ። «እናቷ አሉ አይደል? እናቷን እናሳምማ።»

የሚያስቅ ነገር ነው፤ እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ደስ አለኝ እንጂ። ወዲያው ደወልኩላት። ሜትር እስክጨርስ ሰማችኝና «እናቴን አልሰጣችሁም» አለች።

«ወረቀት ላይ ብቻ ነው እኮ።»

«አባቴንም ወረቀት ላይ ብቻ ነው የሰጠኋችሁ።» ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠ፣ የሒሳብ ሆነ። «ስማኝ ጋሼ። ሄደህ በዓይንህ እየውና ደውልልኝ። አባዬን ራሱን አሳየኝ። የሚድን ከሆነ ፈተናዬን ጨርሼ በክረምቱ እመጣለሁ። የማይድን ከሆነ ሰኞ ገብቼ እውነቱን እነግራቸዋለሁ፤ ዋሽቻለሁ እላለሁ። ያባርሩኝ። አይቼው ልባረር።»

ቅዳሜ ጠዋት አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ከመንገዱ ዳር ወርጄ፣ ሁለት ሰዓት ያልኩትን መንገድ በሃያ ደቂቃ ጨረስኩት፤ ያውም ቆሜ ውኃ ጠጥቼ። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። ስፌት መኪናው ከወፍጮ ቤቱ በር ተነሥቶ መስኮቱ ሥር ቆሟል። ልብስ ሰፊው አልጋ ላይ በሦስት ትራስ ተደግፈው ነበር። ፊታቸው አባብጦ ዓይናቸው ጠቧል፤ እጃቸው ግን ከስቶ ጣታቸው ብቻ ነው የቀረው። ሲያዩኝ ወደ ሚስታቸው ዞሩ።

«ገዳዬ መጣ። ወንበር ስጭው።»

ሐኪሙ ያለውን እናትየው በሹክሹክታ ነገሩኝ፤ ከሁለት ሳምንት ቢያልፉ እሰየው ነው። ሜትር ያለችውን ደግሞ እኔ ጮክ ብዬ ነገርኳቸው። እናትየው እስክጨርስ እንኳ አልታገሡም።

«ትምጣ። ልጅ አባቷን ትይ። ትምህርቱ ምን ያደርግላታል?»

ልብስ ሰፊው ጣራውን አዩ። «አንዴ ሞቼ ልኬያታለሁ» አሉ። «ያ ሞቴ በከንቱ ሊቀር ነው?»

«አሁን ቀልድ ነው?» አሉ እናትየው።

«ቀልድ አይደለም። አንድ ዓመት ነው የቀራት። አሁን ብትመጣ ምን ታያለች? ይሄን እግር? እኔ አባቷ ነኝ፤ እኔ ነኝ የምወስነው።» ወደ እኔ ዞሩ። «አንሣኝ። እዚያ መኪና ላይ አስቀምጠኝና ደውልላት።»

ያን ጊዜ አፍ ነበረኝ። «አባባ፣ ይሄ ልክ አይደለም» ማለት እችል ነበር፤ ልጅቷ ያየችውን አይታ ራሷ ትወስን ማለት እችል ነበር። ግን እውነቱ ሲወጣ አብረው ከሚወጡት መካከል እኔም አለሁበት። ዝም አልኩና አነሣኋቸው። ቀላል ነበሩ፤ ከእግራቸው በቀር።

እናትየው እያለቀሱ ጢማቸውን ላጩአቸው፣ ነጭ ሸሚዝ በካውያ ተኩሰው አለበሷቸው። ስልኩን ክር ማስቀመጫው ቆርቆሮ ላይ አስደግፌ አስተካከልኩት፤ ከወገብ በላይ ብቻ ነው የሚያሳየው። ሁለት ቁራጭ ጨርቅ ከመርፌው ሥር ገባ። ሁሉም ደረሰ ሲባል ልብስ ሰፊው እግራቸውን አንሥተው መርገጫው ላይ አስቀመጡ፤ እግሩ ግን አልታዘዝም አለ። ሁለት ጊዜ ሞከሩ። ከዚያ ዓይን ዓይኔን አዩኝ።

ጃኬቴን አወለቅሁና ከመኪናው ሥር ተንበርክኬ ገባሁ። መርገጫውን በሁለት እጄ ያዝኩ።

«አባዬ።»

«ወዬ ሜትሬ።»

«ፊትህ አብጧል።»

«እናትሽ ናት፤ ብላ ብላ እያለች። ምን ላድርግ?»

«ታመሃል አሉኝ።»

«ታምሜ ነበራ። እናትሽን ታውቂያት የለ፣ ሲያስነጥሰኝ ሰው ልትጠራ ትሮጣለች።» በጉልበታቸው ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ። ረገጥኩ። ከላዬ መርፌው መምታት ጀመረ። «አሁን ሥራ በዝቶብኝ ነው። ዩኒፎርም።»

«ጋሼስ የት አለ?»

«ውጭ ከከብቶቹ ጋር ፎቶ እየተነሣ ነው። ተስማምተዋል።»

ሳቅ ይሁን ሌላ ነገር፣ ከስልኩ አንድ አጭር ድምፅ ወጣ። እኔ ከጉልበታቸው መሐል ሆኜ የማየው ያበጠውን እግራቸውንና የበሩን ሥር ብቻ ነው። በሩ ሥር የእናትየው ባዶ እግር ቆሟል።

«ካፖርቱ ይሞቅሻል?»

«ይሞቀኛል።»

«እጥፋቱን ፈታሽው?»

«አልፈታሁትም። አላደግኩም እኮ፣ አባዬ።»

«ቆይ፣ ታድጊያለሽ።»

ከዚያ ሜትር ምንም ሳትናገር ቆየች። መስመሩ የተቋረጠ ቢመስለኝም መርገጫውን አላቆምኩም፤ አንድ ዓይነት አድርጌ፣ ሳላዛንፍ ረገጥኩ፤ በእጄ ያለው እሱ ብቻ ነበርና። በመጨረሻ «እሺ አባዬ» አለች። «ፈተናዬን ልጨርስ።»

«ጎበዝ። ብርድ እንዳይመታሽ።»

ስልኩ ሲጠፋ ልብስ ሰፊው መኪናው ላይ ግንባራቸውን ደፉ። የሞቱ መስሎኝ ከመኪናው ሥር ዘልዬ ወጣሁ። «አንተ ስትረግጥ ክር ትጨርሳለህ» አሉ፣ ቀና ሳይሉ።

በሰባተኛው ቀን ሞቱ። ማክሰኞ አልነበረም፤ ዓርብ ነው።

ቀብር ላይ ቆምኩ፣ አፈር ሲመለስ አየሁ፣ ተመልሼ ቢሮ ገባሁ። ሜትር የደወለችው በሳምንቱ ነው፤ ፈተናዋን ጨርሳ።

«ቀብሩ ላይ ነበርክ?»

«ነበርኩ።»

«ብዙ ሰው መጣ?»

«ብዙ። ሁሉም እሳቸው የሰፉላቸውን ለብሰው ነበር የመጡት።» ይሄ እውነት ነበር፤ አላረጠብኩትም።

«እኔ እዚህ ለማንም መንገር አልቻልኩም» አለች። «እዚህ ሁሉም ድሮ አጽናንተውኛል። ከሦስት ዓመት በፊት። እንደገና ሞተ ልበላቸው?» ቀጠለች። «ጋሼ፣ ያን ቀን ማን ነበር የሚረግጠው?»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዞርኩት።

«አባዬ ሲረግጥ ሁለቴ ፈጠን፣ አንዴ ቆም ነው። ያን ድምፅ እየሰማሁ ነው እንቅልፍ ሲወስደኝ ያደግኩት። ያን ቀን ግን እንደ ወፍጮ ዝም ብሎ ነበር የሚሄደው።»

«እኔ ነበርኩ።»

«ገምቼ ነበር።»

«ካወቅሽ ለምን አልመጣሽም?»

ከኋላዋ ሰዎች በሰው አገር ቋንቋ ሲሳሳቁ ይሰማል። «ተላጭቶ ነበር» አለች። «የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ ነበር። ያን ሁሉ ለፍቶ… አላመንኩህም እንዴት ልበለው?»

ይቅርታ የሚለው ቃል ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር፤ ግን እሱንም ያረጠብኩት መሰለኝ።

«አንድ ነገር ላክልኝ» አለች። «ያን ቀን የሰፋችሁትን።»

«ምንም አይደለም እኮ፤ ሁለት ቁራጭ ጨርቅ ነው።»

«እሱን።»

እንደገና አውቶቡስ፣ እንደገና ሃያ ደቂቃ። መኪናው ጨርቅ ለብሶ ቆሟል። እናትየው ምንም ሳይናገሩ መሳቢያውን ከፍተው ሰጡኝ። በመስኮቱ ብርሃን አየሁት። አንዱ ግራጫ ነው፣ አንዱ ሰማያዊ፣ የካፖርቱ ትራፊ። ስፌቱ እኔ የቸኮልኩበት ጋ ተጣሞ ሄዷል፤ ኋላ ሰውየው መልሰው አቅንተውታል። ሸሚዝ አይሆን፣ መሐረብ አይሆን፣ ለማንም የማይሆን ነገር ነው። አንዱ ጫፉ ግን ወደ ውስጥ ታጥፎ በእጅ ተሰፍቷል። ጣቴን አስጠግቼ ለካሁት።

ፖስታ ቤት ያለችው ሠራተኛ ፖስታውን ዳሰሰችው። «ውስጡ ምንድነው?»

«ጨርቅ።»

«ልብስ ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ምን ብዬ ልጻፍ? ባዶ መተው አይቻልም።»

ከኋላዬ ሰልፍ አለ። ሠራተኛዋ እስክሪብቶዋን ይዛ ትጠብቀኛለች።

«ቁራጭ ጨርቅ ብለሽ ጻፊ» አልኳት።